ዮስት ሸክላ ብቻ አላዞረም፦ «ዲጄነትም ሙያ ነው እንዴ?» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ። «ያንተን ሰውዬ አፈር ድሜ አብልተውታል፣ እስኪ አንብበው» የሚል መልእክት አክሎበታል። አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ዝም ብዬ ላልፈው ግን አልቻልኩም።

ጽሑፉ ስለ ሆላንዳዊው የሬዲዮ ዲጄ ስለ ዮስት ደን ድራየር ነው። እውነተኛ ስሙ ቪለም ፋን ኮተን ይባላል፣ የ1941 ልጅ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።) የጽሑፉ ክስ ባጭሩ ይህ ነው። ሰውየው ከወንበዴዎች ጋር መርከብ ላይ ተቀምጦ የሰው ሸክላ ሲያዞር ኖረ። የመንግሥት ሬዲዮ ለወጣቱ ሙዚቃ እያቀረበ ሳለ እሱ ገበያውን ረበሸ። «ምርጥ 40» የሚባለውን የሳምንቱን ዘፈኖች ደረጃ የሚያወጣ ሰንጠረዥ ከአሜሪካ ቀድቶ እንደ ፍላጎቱ ሞላው። በአንድ እጁ ዘፈን እያስተዋወቀ በሌላው ገንዘብ ሰበሰበ። በመጨረሻም የሌሎችን ዘፈን ቆራርጦ ሸጠ። ይህ ሁሉ ደግሞ በ1974 ከነመርከቧ አብሮ አበቃ። ስለዚህ ዲጄነት እንደ ሙያ ሊወደስ አይገባም ይላሉ ጸሐፊው።

እኔ ሆላንድ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ቋንቋውን የለመድኩት ግማሹን ከሬዲዮ ነው። ሸክላም እሰበስባለሁ። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ሩቅ አይደለም። ጸሐፊው ያሉት ሁሉ ስህተት ነው አልልም፤ አንዱ ክሳቸው ክብደት አለው፣ እሱን ቦታው ስደርስ እመለስበታለሁ። ሌላው ግን በአብዛኛው ከወሬ የተለቀመ ነው።

ከመርከቡ እንጀምር። ዮስት ይሠራበት የነበረው ጣቢያ፣ የሬዲዮ ቬሮኒካ መርከብ ባሕር ላይ ነበረች፣ እውነት ነው። መጀመሪያ ቦርኩም ሪፍ የምትባል፣ ድሮ በጀርመን ባሕር ላይ ለሌሎች መርከቦች በመብራት መንገድ ታሳይ የነበረች መርከብ ነች። ከ1964 ጀምሮ ደግሞ ኖርደርናይ፣ የቀድሞ የዓሣ አጥማጅ መርከብ። ዲጄዎቹ ግን የሚሠሩት በየብስ ነው፣ ሂልቨርሰም ከተማ ውስጥ ባለ ስቱዲዮ። እዚያ ቁጭ ብለው ፕሮግራሙን በቴፕ ይቀዳሉ። ቴፑ ወደ ወደብ ይሄዳል። ከወደቡ በትንሽ ጀልባ ወደ መርከቧ ይወሰዳል። መርከቧ ላይ ያሉት ቴክኒሻኖች ተራውን ጠብቀው ያጫውቱታል።

ይህን የማነሳው ጸሐፊውን በትንሽ ነገር ለመያዝ አይደለም። ሥራው ምን እንደነበር ስለሚያሳይ ነው። እስኪ አስቡት። ዲጄው ዛሬ የተናገረውን ሰው የሚሰማው ሌላ ቀን ነው። ያን ቀን ዝናብ ይዝነብ ፀሐይ ይውጣ አያውቅም። ፊቱ ያለው ግድግዳና ማይክሮፎን ብቻ ነው። ያም ሆኖ አንዲት ሴት ወጥ ቤቷ ውስጥ ድንች እየላጠች ሬዲዮኑን ስትከፍት፣ ዲጄው አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ እሷን ብቻ እያወራት ሊመስላት ይገባል። በዘፈንና በዘፈን መካከል ያለችው የአሥራ አምስት ሰከንድ ወሬ ቀላል እንድትመስል የሚያደርጋት የሚደክምባት ሰው ነው። ሞክሮ ያየ ያውቀዋል።

ስሙ ራሱ እኮ ይህን ይናገራል። «ድራየን» በሆላንድኛ ማዞር ማለት ነው። ድራየር ደግሞ አዟሪው። ሰውየው ሥራውን ስሙ አድርጎ ነው አየር ላይ የወጣው።

«ወንበዴ» የሚለው ቃል ደግሞ እዚህ ቦታ አይመጥንም። ሆላንዶች ራሳቸው በብዛት የሚሏቸው «የባሕር ጣቢያ» ነው። ቬሮኒካ ሥራ የጀመረችው ኤፕሪል 21 ቀን 1960 ነው፤ ሐሳቡን ያመነጩት ሬዲዮ የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። መርከቧ መልሕቋን የጣለችው ከአገሪቱ የውሃ ክልል ውጭ ነው። እንዲህ ያለውን ስርጭት የሚዘጋው የሆላንድ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1974 ነው። እንግሊዝ በ1967 ዘግታለች፣ ሆላንድ ግን ሰባት ዓመት ቆየች። ለምን ቆየች? ሕዝቡ ይሰማ ስለነበረ ነው። ፖለቲከኞቹ ያንን አድማጭ መንካት ፈሩ።

አንድ ከባድ ነገር አልሸሽግም። ሜይ 15 ቀን 1971 ተቀናቃኝ የነበረው የሬዲዮ ኖርድዜ መርከብ፣ ሜቦ 2፣ በፈንጂ ተመትቶ ተቃጥሏል። ያን ያዘዘው የቬሮኒካ ዳይሬክተር ነበር፤ ተፈርዶበትም ታስሯል። ሰው አልሞተም፣ ሊሞት ግን ይችል ነበር። ይህ ወንጀል ነው። ጸሐፊው ስለ ውንብድና ማውራት ከፈለጉ ይህን ማንሳት ነበረባቸው፣ እሳቸው ግን አላነሱትም። አለቃው የሠራውን ወንጀል ግን ማይክሮፎን ፊት በተቀመጠ ዲጄ ሁሉ ላይ መለጠፍ ደግሞ ልክ አይደለም።

«የመንግሥት ሬዲዮ ለወጣቱ ሙዚቃ እያቀረበ ሳለ» የሚለውን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ። የትኛው ሬዲዮ ነው እሱ? በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሆላንድ አየር በየእምነቱና በየፖለቲካው የተከፋፈለ ነበር። ካቶሊኮቹ ካ.ኤር.ኦ የሚባል ማኅበር አላቸው። ፕሮቴስታንቶቹ ኤን.ሴ.ኤር.ፌ አላቸው። ሶሻሊስቶቹ ፋራ። ማንንም ያልወገኑት አፍሮ። ሰዓቱን ተከፋፍለው እያንዳንዱ ለራሱ ሰው ያወራል። ስብከት አለ፣ ንግግር አለ፣ ድራማ አለ፣ ኦርኬስትራ አለ። የፖፕ ዘፈን ቢመጣም በመሐል ብቅ ብሎ ይጠፋል። ከጠዋት እስከ ማታ ሙዚቃ የሚያጫውት የመንግሥት ጣቢያ አልነበረም።

ሂልቨርሰም 3 የሚባለው የመንግሥት የፖፕ ጣቢያ የተከፈተው ኦክቶበር 11 ቀን 1965 ነው። ቬሮኒካ አምስት ዓመት ከሠራች በኋላ ማለት ነው። የተከፈተውም አድማጩ ወደ ባሕር ጣቢያዎቹ ስለነጎደ ነው። እንግዲህ ማን ማንን ቀደመ? ዮስት ራሱ በኋላ ከቬሮኒካ ወጥቶ እዚያው ሂልቨርሰም 3 ላይ ሠርቷል። ሬዲዮ ኖርድዜ ላይም ሠርቷል። መንግሥት «አጥፊ» ሲለው ከኖረው ጣቢያ የወጣውን ሰው ወስዶ ማይክሮፎን ሲሰጠው፣ ሙያው ሙያ መሆኑን እየመሰከረለት ነው።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ ልሂድ፤ እኔ እዚህ ላይ ነው ልቤ ያለው።

ዩትሬክት ውስጥ ትልቅ የሸክላ ገበያ አለ። አዳራሹ ውስጥ ሰው እንደ መርካቶ ይጋፋል። አንድ ጊዜ እዚያ ከአንድ ሽማግሌ ሸክላ ስገዛ፣ ከሽፋኑ ውስጥ አንዲት እጥፍ ወረቀት ወደቀች። አነሳኋት። የ1960ዎቹ የምርጥ 40 ዝርዝር ነበረች። ወረቀቷ ከመሳሳቷ የተነሳ በወዲያኛው በኩል ጣቴ ይታየኛል። ከአርባው ዘፈን አጠገብ አንድ ልጅ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጓል። አንዳንዱ ላይ መስቀል፣ አንዳንዱ ላይ ክብ። ሦስቱ ላይ ደግሞ ሁለት መስመር አስምሯል፤ የገዛቸው ይሆናሉ። ሽማግሌው መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ አየኝና «የእኔ ናት» አለኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከሸክላ ሱቁ በነፃ እናመጣት ነበር። ለሸክላው የሚሆን ገንዘብ ሁሌ አይኖረንም፣ ወረቀቷ ግን አታመልጠንም።» ሸክላውን ሸጠልኝ። ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተታት።

የመጀመሪያው ምርጥ 40 በቬሮኒካ የተላለፈው ጃንዋሪ 2 ቀን 1965 ነው። ቅዳሜ ቀን። አንደኛ የነበሩት ቢትልሶች ናቸው። ይህን ሐሳብ ወደ ጣቢያው ያመጣውና ያቀረበው ዮስት ነው። «ከአሜሪካ የተቀዳ ነው» ይላሉ ጸሐፊው። አዎ፣ ቅርጹ ከአሜሪካ ሬዲዮ የመጣ ነው፣ ማንም አልካደውም። አርባ ዘፈን መርጦ ደጋግሞ ማጫወት እዚያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተለመደ ነበር። ግን ቅርጽ ማምጣትና ይዘቱን መሙላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምጣድ ከጎረቤት ብትዋስ እንጀራው የጎረቤት አይሆንም።

«እንደ ፍላጎቱ ሞላው» የሚለው ደግሞ አሠራሩን ካለማወቅ የመጣ ነው። ሰንጠረዡ የሚዘጋጀው የሸክላ ሱቆች እየተጠየቁ ነበር። በየሳምንቱ ስልክ ይደወላል። የትኛው ሸክላ ተሸጠ? ስንት ተሸጠ? ከዚያ ይደመራል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይታተማል፣ ወረቀቱ ተመልሶ ለእነዚያው ሱቆች ይበተናል። ፍጹም ነበር ወይ? አልነበረም። ባለሱቅ ሊዋሽ ይችላል። መጋዘኑ ውስጥ የተከመረበትን ሸክላ ለማራገፍ ሲል «እሱ በጣም እየሄደ ነው» ሊል ይችላል። ይህ በዚያ ዘመን ለነበሩ ሰንጠረዦች ሁሉ የጋራ ችግር ነው። ግን ከአንድ ሰው ምርጫ ጋር አንድ አይደለም። አንድ ልጅ በሳምንቱ መጨረሻ ሬዲዮኑ ፊት ተቀምጦ የወደደው ዘፈን ወጣ ወይስ ወረደ ብሎ ልቡ የሚመታው፣ ያ ቁጥር የራሱና የጓደኞቹ ገንዘብ ድምር ስለሆነ ነው። መንግሥት አልመረጠለትም፣ ቄሱም አልመረጡለትም፣ አባቱም አልመረጠለትም።

ደግሞ ሥራው እርባና ቢስ ቢሆን ኖሮ ሂልቨርሰም 3 በ1969 የራሱን ምርጥ 30 ባልጀመረ ነበር።

እሺ፣ አሁን ወደ ከባዱ ክስ። «በአንድ እጁ ዘፈን እያስተዋወቀ በሌላው ገንዘብ ሰበሰበ።»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የያዙት እውነት አለ። ቪለም ፋን ኮተን ዲጄ ብቻ አልነበረም። የሙዚቃ አሳታሚና ፕሮዲዩሰር ነበር፤ ሬድ ቡሌት የሚባል ድርጅት ነበረው። አሳታሚ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። ዘፈን በተሸጠ ቁጥር፣ በሬዲዮ በተላለፈ ቁጥር፣ ለዜማና ግጥም ደራሲው ገንዘብ ይገባል፤ ሆላንድ ውስጥ ይህን የሚሰበስበው ቡማ/ስቴምራ የሚባል ድርጅት ነው። ከዚያ ገንዘብ ላይ አሳታሚው ድርሻ አለው። ስለዚህ አንድ ሰው አሳታሚም የሬዲዮ አቅራቢም ሲሆን፣ የራሱን ዘፈን ባጫወተ ቁጥር የራሱ ኪስ ይሞላል። ይህ ጥሩ አይደለም። አድማጩ «ይህን ዘፈን የማጫውትላችሁ ስለወደድኩት ነው፣ ግን ጥቅምም አለኝ» የሚል ቃል ሊሰማ ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም።

የማልስማማው ከዚህ ተነስተው የደረሱበት መደምደሚያ ላይ ነው። «ዘፈኖቹ የታወቁት እሱ በግድ ስላጫወታቸው ነው» ይላሉ፤ ምሳሌ ያደረጉት ደግሞ የሾኪንግ ብሉን «ቬነስ» ነው። ከዚህ የባሰ ምሳሌ ሊመርጡ አይችሉም ነበር። ሾኪንግ ብሉ የዘ ሄግ ልጆች ናቸው። ዘፈኑን የጻፈው ጊታሪስቱ ሮቢ ፋን ሌውን ነው፣ የዘፈነችው ማሪስካ ቬረስ ናት። መብቱ የፋን ኮተን ነበር። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1970 ይህ ዘፈን በአሜሪካው የዘፈን ሰንጠረዥ፣ በቢልቦርድ፣ አንደኛ ወጣ። ከዚያ በፊት የትኛውም የሆላንድ ቡድን እዚያ አልደረሰም። እዚያው በአገሩ፣ በምርጥ 40ው ላይ ግን፣ ዮስት በመሠረተው ሰንጠረዥ ላይ ማለቴ ነው፣ አንደኛ አልሆነም።

ቆም ብለን እናስበው። ሰንጠረዡ የኪሱ መሣሪያ ከነበረ ትልቁን ዘፈኑን ለምን አንደኛ አላደረገውም? የቬሮኒካ መካከለኛ ሞገድ ከሰሜን ባሕር ተነስቶ ሆላንድና ዙሪያዋን ነው የሚያዳርሰው። አሜሪካ አይደርስም። ኦሃዮ ያለች ልጅ ዮስት የሚባል ሰው መኖሩንም አታውቅም። ዘፈኑን የገዛችው ጊታሩ ሲገባ፣ የማሪስካ ድምፅ ሲከተለው፣ አላስችል ስላላት ነው። ዲጄ በር ይከፍታል። ዘፈኑ ግን በራሱ እግር ነው የሚሄደው።

የፋን ኮተን ችሎታ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለዓመታት በየቀኑ ሸክላ ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ ነው። የትኛው የሰው ራስ ውስጥ እንደሚቀር፣ የትኛው ሁለተኛ ሳምንት ሳይሞላው እንደሚረሳ ያውቃል። ያንን ጆሮ ከማይክሮፎኑ ወደ ስቱዲዮ ይዞት ሄደ። የአገሩ ልጆች በእንግሊዝኛ ዘፍነው ዓለም ላይ ሊወጡ እንደሚችሉ ብዙ ሰው ባላመነበት ጊዜ እሱ ገንዘቡን አወጣበት። ጸሐፊው ይህን «ንግድ» ብለው ያልፉታል። ንግድ ነው። ግን ከዚያ ንግድ የዘ ሄግ ሙዚቀኞች እንጀራ በልተዋል።

«የሌሎችን ዘፈን ቆራርጦ ሸጠ» የሚለው ክስ «ስታርስ ኦን 45» ስለሚባለው የዘፈኖች ቅልቅል ሸክላ ነው። ታሪኩ ጸሐፊው ከነገሩን ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። በ1979 ፋን ኮተን አንድ የሸክላ ሱቅ ገብቶ እያለ የዲስኮ ቅልቅል ሲጫወት ይሰማል። የታወቁ ዘፈኖች ኦሪጅናል ቅጂ ተቆራርጦ በአንድ ምት ላይ የተሰፋ ነው። በመሐል «ቬነስ» ይመጣል። መብቱ የእሱ ነው፣ ፈቃድ ግን የጠየቀው ሰው የለም። ሸክላው ሕገ ወጥ ነበር። እንግዲህ የተሰረቀው እሱ ነው!

ያደረገው ነገር ሐሳቡን በሕጋዊ መንገድ መሥራት ነው። ጎልደን ኢሪንግ የሚባለው የሆላንድ ባንድ የድሮ ከበሮ መቺ ያፕ ኤገርሞንት ፕሮዲዩስ አደረገው። የማንንም ኦሪጅናል ቅጂ አልቆረጡም። ዘፋኞች አምጥተው ሁሉንም እንደ አዲስ አዘፈኑ፤ የቢትልሶቹ ክፍል በጣም ከመመሳሰሉ የተነሳ ሰው ግራ ይጋባ ነበር። እንደ አዲስ ሲዘፈን ደግሞ ለዘፈኑ ደራሲዎች ክፍያ ይሄዳል። ጁን 20 ቀን 1981 ይህም በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። እዚያ የወጣው ርዕስ 41 ቃላት አሉት። ለምን ቢባል ቅልቅሉ ውስጥ ያሉት ዘፈኖች በየስማቸው ስለተጠሩ ነው። ሌባ የሰረቀውን ዕቃ ስም ዘርዝሮ ሽፋኑ ላይ አይጽፍም። ዘፈኑን መውደድና አለመውደድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔም ያ የእጅ ጭብጨባ ምት ሦስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ይሰለቸኛል። ስርቆት ግን አይደለም።

የቀረው «ሁሉም በ1974 አበቃ» የሚለው ነው፣ እሱ ብዙ አያስቸግርም።

ኤፕሪል 2 ቀን 1973 በማዕበል ምክንያት ኖርደርናይ መልሕቋን በጥሳ ዘ ሄግ ውስጥ ባለው የስኼቬኒንገን የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ወጣች። ሕዝቡ እየመጣ ያያት ነበር። ኤፕሪል 18 ከአሸዋው ተላቀቀች። በዚያው ቀን እዚያው ዘ ሄግ ውስጥ፣ ጣቢያዋ እንዳትዘጋ የጠየቀ ግዙፍ ሰልፍ ወጥቷል። እኔ ያን የባሕር ዳርቻ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ። ነፋሱ አሸዋውን ዓይን ውስጥ ይሞጅራል፣ ዓሣ ጥብስ ይሸታል፣ ውሻ የሚያስሮጡ ሰዎች አሉ። አንድ መርከብ እዚያ ላይ ተጋድማ፣ ወጣቱ ዙሪያዋን ከቦ ሲያይ ይታየኛል። ለጥቂት ሸክላ አጫዋቾች ነው ያ ሁሉ ሰው የወጣው? አይመስለኝም።

ኦገስት 31 ቀን 1974 ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ቬሮኒካ ከባሕር ላይ ዝም አለች። ስሟ ግን ከጊዜ በኋላ ወደ ሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ገባ። ሰንጠረዡን የሚይዝ የራሱ ተቋም ተመሠረተለት። በ1992 ደግሞ የድሮው የቬሮኒካ ዲጄ ሌክስ ሃርዲንግና ኤሪክ ደ ዝዋርት ሬዲዮ 538ን አቋቋሙ። ቁጥሩ ከየት መጣ? ቬሮኒካ ከሴፕቴምበር 1972 መጨረሻ ጀምሮ የምትሰማው በ538 ሜትር ሞገድ ላይ ስለነበር ነው። ዛሬ በኤፍኤምና በስልክ የሚያዳምጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ይህን አያውቁም። ቁጥሩን ግን በየቀኑ ይጠሩታል።

ምርጥ 40ውም አለ። አሁን ስልክ ተደውሎ ባለሱቅ አይጠየቅም፣ የኢንተርኔት ላይ ማዳመጥም ይቆጠራል። ግን አርብ ከሰዓት በኋላ ኪውሚውዚክ የሚባለውን የሬዲዮ ጣቢያ ብትከፍቱ አንድ ዲጄ ከአርባ ጀምሮ እየቆጠረ ወደ አንድ ሲወርድ ትሰማላችሁ። ጸሐፊው ያሉት እዚሁ አገር ከሆነ በዚህ አርብ ይክፈቱት። ከዚያ በኋላ የሚጽፉትን ሁለተኛ ጽሑፍ በደስታ አነባለሁ።